የስንዴው መንገድ፤ ከአርሲ አውድማ እስከ እናት ሞሰብ

ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄድዎ በፊት ለልጆችዎ ዳቦ ቆርሰው ሰጥተው ይሆናል። ዳቦው ከቀድሞው አነሰ፣ ዋጋው ግን ከፍ አለ ብለው ከባለሱቁ ጋር ተከራክረውም ይሆናል። ባለሱቁ በዳቦ ቤቱ ያመካኛል፤ ዳቦ ቤቱ በዱቄት ፋብሪካው፤ ፋብሪካው ደግሞ ስንዴ በመጥፋቱ። ለመሆኑ፣ ውድ አንባቢያችን፣ ከፋብሪካው በስተኋላ ማን እንዳለ አስበው ያውቃሉ? ከፋብሪካው በስተኋላ መንገድ አለ። በመንገዱ ላይ ኬላ አለ። ከኬላው ማዶ ደግሞ እንደ እርስዎ ልጆች የሚጠብቋት አንዲት እናት አለች።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያ መንገድና መንገዱን ስለሚከፍተውና ስለሚዘጋው መመሪያ ነው። መመሪያ ሲባል የቢሮ ነገር ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እህልን ማን ይግዛ? በስንት ይግዛ? በየትኛው በር ይለፍ? የሚለው ውሳኔ ግን ውሎ አድሮ የሚገባው ወደ ማጀት ነው፤ ወደ ከተማ እናት ማጀትም፣ ወደ ገጠር እናት ማጀትም።

እናቴ ስለ ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ደጋግማ ታጫውተን ነበር። እኔ ገና ሳልወለድ፣ ታላላቆቼን በምታሳድግበት ዘመን፣ የቤተሰቡ ቁጥር የተጻፈበትን ካርድ ይዛ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። ወረፋዋን በድንጋይ አስይዛ ተመልሳ ልጆቿን ታበላለች፤ እንደገናም ትሮጣለች። አንዳንድ ቀን እህሉ ሳይደርሳት ያልቃል። እናቴ ያን ሱቅ ስታነሣ ሰልፉን ታማርራለች፤ ዋጋውን ግን ታመሰግናለች። ከደመወዟ ጋር የሚመጣጠን እህል ያገኘችው እዚያ ብቻ ነበርና።

ለብዙ ጊዜ ነገሩን በእናቴ በኩል ብቻ ነበር የማውቀው። ሌላውን ግማሽ የሰማሁት አሰላ ገበያ ውስጥ፣ ገብስና ስንዴ በጣሳ እየሰፈሩ ከሚሸጡ አንዲት ሽማግሌ እናት ነው። ስለዚያው ዘመን ሲያነሡ የእሳቸው ቃል «ሰልፍ» አልነበረም፤ «ኮታ» ነበር። እናቴ በርካሽ የገዛችው እህል የማን ጎተራ ጎድሎ እንደ መጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

የስንዴና የገብስ አገር

አሰላ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጭላሎ ተራራ ሥር የተቆረቆረች የደጋ ከተማ ናት። ከኢተያ እስከ ሳጉሬ፣ ከሳጉሬ እስከ በቆጂ የተዘረጋው መሬት የስንዴና የገብስ አገር ነው። የአርሲ እናት ከገብሱ ጩኮ፣ በሶና ገንፎ ታዘጋጃለች፤ ለእንግዳም ለአራስም ታቀርባለች። ላሚቱን ታልባለች፣ ወተቱን ትንጣለች፤ በብዙ ቤትም ከቅቤና ከእንቁላል የሚገኘው ሣንቲም በእርሷ እጅ ይቀራል። ኩንታል ስንዴ ሲሸጥ ግን ገንዘቡን የሚቀበለው አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ነው። ይህን ልብ ይበሉልን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ይህ ደጋ የመንግሥት መመሪያ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚያበላሽ ቀድሞ ያየ አካባቢ ነው። በ1959 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ባደረጉት ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰው ሁሉ በአጭሩ «ካዱ» የሚለው፣ በአሰላ ተቋቋመ። ካዱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አቀረበ፤ የስንዴና የወተት መግዣ ጣቢያዎች ከፈተ፤ ለሴቶችም የቤት አያያዝና የልጆች አመጋገብ ትምህርት ሰጠ። የዛሬው የቁልምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል፣ በአገሪቱ የስንዴ ምርምር ግንባር ቀደሙ፣ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው።

ምርት በእርግጥም ጨመረ። ይሁን እንጂ መሬቱ በአብዛኛው የባለርስት፣ አራሹም ጭሰኛ ነበር። ስንዴ እንደሚያዋጣ፣ ትራክተርም ከጭሰኛ እንደሚያተርፍ ያዩ ባለርስቶች ጭሰኞቻቸውን ከመሬቱ አስለቀቁ። ለድሃው ገበሬ ታስቦ የተጀመረው ሥራ ድሃውን ያፈናቀለበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። የጭሰኝነት ሥርዓት ያከተመው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

የአርሲ ገበሬ ከዚያ በኋላ ለባለርስት የሚያካፍለው እህል አልነበረውም። ጎተራው ሊሞላ ነው ተብሎ ተስፋ ተደረገ።

ኮታና ኬላ

ከአንድ ዓመት ተኩል ያህል በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም. ግድም፣ የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ዓላማው ለመረዳት አያስቸግርም። ከመሬት አዋጁ በኋላ ገበሬው የሚያመርተውን ራሱ መብላት በመጀመሩ ወደ ከተማ የሚመጣው እህል ቀንሶ ነበር፤ የነጋዴው ዋጋም ሠራተኛውን ያስመርር ነበር። ኮርፖሬሽኑ እህል በተወሰነ ዋጋ እየገዛ ለከተማ ቀበሌዎች፣ ለጦር ሠራዊቱና ለመንግሥት ተቋማት እንዲያቀርብ ታሰበ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ለክፍለ ሀገሩ የሚያስገባው ኩንታል ከላይ ይቆረጥለታል። ክፍለ ሀገሩ ለአውራጃ፣ አውራጃው ለወረዳ፣ ወረዳው ለገበሬ ማኅበር ያከፋፍላል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ደግሞ ለእያንዳንዱ አባወራ ይደለድላል። የእህሉ ዋጋም ከላይ የተወሰነ ነበር፤ ከ1973 እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ ባሉት ዓመታት እምብዛም አልተለወጠም። የሳሙናው፣ የአቡጀዲውና የማዳበሪያው ዋጋ ግን ባለበት አልቆየም። በዚሁ በአርሲና በባሌ ደጋ ለተቋቋሙት ሰፋፊ የመንግሥት እርሻዎች ስንዴ ደግሞ ለገበሬው ከሚከፈለው የበለጠ ዋጋ ይከፈል ነበር።

እህሉ በሌላ በር እንዳይወጣ በየመንገዱ ኬላ ቆመ። ትርፍ አምራች በሆኑት በአርሲና በጎጃም በግል እህል ንግድ ላይ የተጣለው ቁጥጥር ከሌሎቹ ክፍላተ ሀገር የጠበቀ ነበር። ግማሽ ኩንታል በአህያ ጭና ስታልፍ የተያዘች ሴት እህሏ ሊወረስባት፣ ስሟም ከኢኮኖሚ አሻጥረኞች ጋር ሊጠራ ይችል ነበር። በአሰላና በአካባቢዋ ከተሞች እህል ሸምተው ቸርችረው ልጆቻቸውን ያሳድጉ የነበሩ ሴቶች መተዳደሪያቸው በአንድ መመሪያ ወንጀል ሆነ። ኮታውን ያላሟላ ቤተሰብም ከአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሱቅ ስኳርና ጨው ለማግኘት ይቸገር ነበር።

እስቲ አብረን እናስላ

የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት፣ ውድ አንባቢያችን፣ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ለምሳሌ ያህል ስድስት ነፍስ ያለበት አንድ የገበሬ ቤት እንውሰድ። ከአንድ ሄክታር ስንዴ 12 ኩንታል አገኘ እንበል። ለሚቀጥለው ዓመት ዘር 1 ኩንታል ተኩል ያስቀምጣል። ኮታው 4 ኩንታል ነው እንበል። የቀረው 6 ኩንታል ተኩል ነው። ለአንድ ሰው በዓመት 1 ኩንታል ተኩል እህል ያስፈልገዋል ብንል፣ ለስድስቱ 9 ኩንታል ያስፈልጋል። ስለዚህ 2 ኩንታል ተኩል ይጎድላል።

ጎደሎው ከየት ይሞላ? ከገበያ ነዋ! በገበያው የእህል ዋጋ ኮርፖሬሽኑ ከሚከፍለው እጥፍና ከዚያም በላይ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። በእጥፍ ብቻ ብንወስደው፣ በኮታ 4 ኩንታል ሸጠው የተቀበሉት ገንዘብ ከገበያ የሚገዛው 2 ኩንታል ብቻ ነው። ግማሽ ኩንታል አሁንም ይጎድላል። ለግብር፣ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለልጅ ልብስና ለመድኃኒት አንድ ሣንቲም አልተረፈም። ከዚያ የባሰም ነበር፤ ምርቱ ተበላሽቶበት ኮታውን ከራሱ አውድማ መሙላት ያልቻለ ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለኮርፖሬሽኑ በርካሽ ለማስገባት የሚገደድበት ጊዜ ነበር። የአገራችን ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላል። እዚህ ግን ብድሩን ያመጣው መመሪያው ነው።

ይህን ጉድለት በቤት ውስጥ የምታጣጥመው ማን እንደ ሆነች ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። ሦስት ጊዜ ይበላ የነበረው ቤት ሁለት ጊዜ ሲበላ እናት ከሁሉ በኋላ ትቀርባለች። ለልጆቹ አፍ ይደርስ የነበረው ቅቤና እንቁላል ለእህል መግዣ ወደ ገበያ ይወጣል። የአባወራው ስንዴ በኮታ ሲሄድ የእናቲቱ የቅቤ ሣንቲም የቤቱ ምሰሶ ሆነ ማለት ነው። በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ግን በአብዛኛው የአባወራው ስም ስለ ነበር፣ የኮታ ድልድል በሚደረግበት ስብሰባ ላይ የእርሷ ድምፅ አይሰማም።

ይህ የበለጠ የሚያስቆጨው በአርሲ ምድር በመሆኑ ነው። የአርሲ ኦሮሞ ሴት በሠርጓ ቀን ሲንቄ የምትባለውን በትር ትቀበላለች። ሴቶች ግፍ ሲፈጸም ሲያዩ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ሽማግሌውም ቆሞ ሊሰማቸው ይገባል። ባህሉ ለሴት ልጅ አቤቱታ መንገድ አበጅቶላታል። ኩንታሉን የሚደለድለው ኮሚቴ ግን ሲንቄ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም።

የከተማዋ እናትስ?

እዚህ ላይ፣ «ታዲያ እኛ የከተማ እናቶች ምን በላን?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። የቀበሌ ሱቅ እህል ባይኖር ኖሮ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ብዙ ቤተሰብ ይራብ ነበር። በርካሽ የገዙት እናቶች ጥፋት የለባቸውም። እናቴም አላጠፋችም።

ነገር ግን እርሷም ቢሆን ያገኘችው ሙሉ ጥቅም አልነበረም። በካርድ የሚሰጠው እህል ወሩን የማያዳርስ ሲሆን፣ የቀረውን ከነጋዴ መግዛት ግድ ነው። ነጋዴው ደግሞ እህሉን ያመጣው ኬላ በመሸሽ፣ ጉቦ በመክፈል፣ እንዳይወረስበት በመሥጋት ስለ ሆነ ያን ሁሉ በዋጋው ላይ ይጨምራል። በአሰላ በርካሽ የተገዛው እህል በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በወሎ ገበያ እሳት የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። ስለዚህ ኬላው የአርሲዋን እናት በሻጭነቷ ቀጣት፤ የከተማዋን እናት ደግሞ በገዢነቷ ቀጣት።

በየካቲት ወር 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ መርሕ ሲያውጅ ኮታው ቀረ፤ የእህል ኬላዎችም ተነሡ። ከዚያ በኋላ በትርፍ አምራችና በእህል ፈላጊ አካባቢዎች መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት እየጠበበ መሄዱን በገበያ ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ማለትም በአምራቹ አካባቢ ዋጋው ሻል አለ፤ በሸማቹ አካባቢ የነበረውም ልዩነት ረገበ።

ገበያው ብቻውንስ ይበቃል?

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ገበያ ተከፍቶ ዝም ቢባልም ችግር እንዳለ ያየነው በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ምርት ተትረፍርፎ የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ፤ የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ገበሬ ሸጦ ዕዳውን መክፈል አቃተው። ተከትሎ በመጣው በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በድርቅ ምክንያት ሚሊዮኖች እርዳታ ጠባቂ ሆኑ። ጎተራና የመጠባበቂያ ክምችት ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም።

በ2000 ዓ.ም. ግድም የምግብ ዋጋ በዓለም ሁሉ ሲንር፣ መንግሥት ከውጭ ስንዴ ገዝቶ በድጎማ ለከተማ ነዋሪዎችና ለዱቄት ፋብሪካዎች ማከፋፈል ጀመረ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ዳቦን፣ ስኳርንና የምግብ ዘይትን ጨምሮ በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተጣለ። ዕቃው ከየሱቁ መደርደሪያ መጥፋት ስለ ጀመረ ከጥቂት ወራት በኋላ ጣሪያው ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። ያን ጊዜ ዘይት ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ የተንከራተቱ አንባቢያን ያስታውሱታል።

ቅርብ ወደ ሆነው ጊዜ እንምጣ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የዓለም የስንዴ ዋጋ ናረ። መንግሥት በበኩሉ ከውጭ ስንዴ መግዛትን ለማስቀረት በመስኖም በመኸርም ሰፊ የስንዴ ልማት ያካሂድ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የመኸሩ ምርት ሲሰበሰብ ለአንድ ኩንታል ስንዴ 3,200 ብር ዋጋ ተወሰነ፤ ግዥውም በዋነኛነት በኅብረት ሥራ ማኅበራትና በዩኒየኖች በኩል እንዲሆን ተደረገ። በገበያ የሚሰጠው ዋጋ ከዚህ ከፍ ያለ ስለ ነበር ከአርሲና ከባሌ ገበሬዎች ቅሬታ ተሰማ፤ የስንዴ ጭነት በየኬላው ተከለከለ የሚል አቤቱታም ተሰማ። በሌላው ጫፍ ዱቄት ፋብሪካዎች ስንዴ አጣን አሉ፤ ዳቦ ቤቶችም የዳቦውን ክብደት ቀነሱ። በዚያው ዓመት የካቲት ወር ላይ አገሪቱ ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሯ ተበሠረ።

የ2015ቱን ሁኔታ ከኮታው ዘመን ጋር አንድ ነው ማለታችን አይደለም። ያን ጊዜ ገበሬው አልሸጥም ማለት አይችልም ነበር። መሠረቱ ግን ይመሳሰላል፤ ለከተማው ዳቦ ርካሽ ለማድረግ ሲታሰብ እጅ ቀድሞ የሚዘረጋው ወደ ገበሬው ኩንታልና ወደ መንገዱ ኬላ ነው።

ርካሽ ዳቦ የማን ዕዳ ነው?

ድሃ ቤተሰብ በርካሽ ዳቦ ማግኘት አለበት የሚለውን ሐሳብ እንደግፋለን። ደመወዟ ከወር ወር የማያደርስ እናት ልጆቿን ማብላት አለባት። ጥያቄያችን ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ ግብፅን ማየት ይጠቅማል። በግብፅ ሚሊዮኖች በካርድ የሚገዙት ዳቦ ዋጋው ከወጪው እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ ልዩነቱን የሚከፍለው የመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ያም ቢሆን ቀላል ሸክም አይደለም። በጥር 1969 ዓ.ም. መንግሥት የምግብ ድጎማን ለመቀነስ ሲነሣ በየከተማው ሁከት ተቀስቅሶ ውሳኔው ተሻረ። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ግን የአንዱ ዳቦ ዋጋ ከ5 ፒያስትር ወደ 20 ፒያስትር ከፍ ብሏል። ድጎማ ውድ ነው ማለት ነው። ነገር ግን በበጀት ላይ የተጻፈ ድጎማ ይታያል፤ ያለው ከሌለው በላይ በግብሩ ይከፍለዋል፤ ሕዝብም ሊከራከርበት ይችላል። በኬላ የሚሰበሰብ ድጎማ ግን አይታይም፤ የሚከፍለውም አንድ ወገን ብቻ ነው። በዘመነ ኮታ የከተማውን ርካሽ ዳቦ ከኪሷ የከፈለችው የአርሲዋ እናት ነበረች፤ ደረሰኝ ግን አልተሰጣትም።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

ካለፈው ትምህርት በመነሣት ይህ ዓምድ የሚከተሉትን ነጥቦች ለአንባቢያንና ለሚመለከታቸው ሁሉ ያቀርባል።

አንደኛ፣ ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጥ የዳቦ ድጎማ ከጠቅላላው ሕዝብ በሚሰበሰብ በጀት ይሸፈን። የገበሬውን ዋጋ ዝቅ በማድረግ የሚገኝ ርካሽነት ለጥቂት ወራት ይመስላል እንጂ አይዘልቅም። ስንዴ ያላዋጣው ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ይዘራልና። በአሰላ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የብቅል ፋብሪካ አለ፤ የቢራ ገብስ ፈላጊ ብዙ ነው። ስንዴው ሲጎዳው ገበሬው ወደዚያ ቢዞር ማን ይፈርድበታል?

ሁለተኛ፣ መንግሥት የሚገዛበትን ዋጋ መወሰን ካለበት ከመዘራቱ በፊት ይንገር። ከታጨደ በኋላ የሚመጣ ዋጋ ገበሬውን በማዳበሪያ ዕዳ ተይዞ ያገኘዋል። አስቀድሞ የተነገረ ዋጋ ግን በተትረፈረፈ ዓመት ገበሬውን ከኪሣራ የሚያድን ወለል ሊሆን ይችላል፤ በ1994 ዓ.ም. የጎደለው እሱ ነበር።

ሦስተኛ፣ መንገዱ ይከፈት። ሕገ ወጥ ነጋዴን ለመያዝ ተብሎ የቆመ ኬላ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው በአህያና በጋሪ የምትነግደውን ሴት ነው። ትልቁ ነጋዴ ስልክ አለው፣ የሚያውቀው ሰው አለው፤ ያልፋል።

አራተኛ፣ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባ ይታሰብበት። በኦሮሚያ የገጠር መሬት ሕግ መሠረት የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ የሚሰጠው በባልና በሚስት ስም ነው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የአባወራው ስም ብቻ ከሆነ የስንዴው ክፍያ ወደ አንድ እጅ ይገባል። በመሬቱ ላይ የተጻፈች ሚስት በማኅበሩም መዝገብ ላይ ልትጻፍ ይገባታል። ዋጋ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ የምትቀመጠውም ያን ጊዜ ነው።

እርስዎስ ምን ማድረግ ይችላሉ?

የመንግሥት መመሪያ እስኪስተካከል ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። የአርሲ መኸር የሚሰበሰበው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ገበሬው ግብርና ዕዳ ስላለበት ቶሎ ይሸጣል፤ በዚህ ወራት እህል ከዓመቱ ርካሽ ይሆናል። ክረምት ላይ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ይወደዳል። ስለዚህ አምስት ወይም ስድስት ጎረቤቶች ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች እንደ ዕቁብ ገንዘብ አዋጥተው በጥርና በየካቲት በኩንታል ቢገዙና ቢከፋፈሉ፣ በኪሎ ከመግዛት ብዙ ያተርፋሉ።

ሲገዙ ጥቂት ፍሬ በጥርስዎ ይሞክሩ፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከለሰለሰ ግን እርጥብ ነውና ይነቅዛል። ቤት ሲደርስ ፀሐይ ያስመቱት፤ ቀዝቀዝ ሲል አየር በማያስገባ ዕቃ ይክደኑት። ነቀዝ አየር ካላገኘ አይራባም። ከረጢቱን ከመሬትና ከግድግዳ ያርቁት።

በሠፈርዎ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ አባል ይሁኑ፤ አባል ከሆኑም ስብሰባውን አይቅሩ። ማኅበሩ ስንዴና ዱቄት ከማን እንደሚገዛ፣ ለምን ከገበሬዎች ዩኒየን ጋር በቀጥታ እንደማይዋዋል ይጠይቁ። በየከተማው የሚቋቋመው የእሑድ ገበያም ቢሆን ዓላማው አምራቹንና ሸማቹን ማገናኘት ነውና፣ በእርግጥ አምራቹ መጥቶ እንደ ሆነ ወይስ ያው ነጋዴ ቦታ ለውጦ እንደ ሆነ ልብ ይበሉ። በዳቦ ቤትም የዳቦውን ክብደት ማስመዘን መብትዎ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ዳቦ ሲወደድ «ገበሬው ጠገበ» የሚለውን ወሬ ከማመንዎ በፊት አንድ ጊዜ ያስቡ። ከኢተያ ወይም ከበቆጂ የተነሣው ስንዴ እስከ እርስዎ ሞሰብ ድረስ በስንት እጅ፣ በስንት ሚዛንና በስንት ኬላ አለፈ? እናቴ በድንጋይ ወረፋ ትይዝ የነበረችውና የአሰላዋ እናት ኮታ ለመሙላት ጎተራቸውን ይጠርጉ የነበሩት በአንድ ዘመን፣ በአንዱ እህል ሁለት ጫፍ ላይ ነበሩ። አንዳቸው ለሌላው ጠላት አልነበሩም፤ ነገር ግን ስለ ሁለቱም ሲወሰን ሁለቱንም የጠየቃቸው አልነበረም።

ከአሰላ ገበያ ስመለስ ከእኒያ እናት ሁለት ጣሳ ገብስ ገዝቼ ነበር። ለእናቴ ሰጠኋትና የሰማሁትን ነገርኳት። ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ገብሱን ለቅማ፣ ቆልታ፣ ቡና አፍልታ ስታበቃ፣ ስለ ቀበሌው ሱቅ ስታወራ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰልፉ ሳይሆን ከእህሉ ጀመረች።

እናንተስ፣ ውድ አንባቢያን፣ ከየትኛው ጫፍ ነበራችሁ? የኮታውን ዘመን በገጠር፣ የቀበሌውን ሱቅ በከተማ ያሳለፋችሁ እናቶች ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ለዚህ ዓምድም ጻፉልን።